የወጌሻው ጋቢ

ሰሞኑን ከክለቡ ቢሮ ስልክ ተደወለልኝ። የደወለው አዲሱ ጸሐፊ ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ክፋት የለበትም።

«ጋሽ ይሁኔ፣ እሑድ ከጨዋታው በፊት ሜዳ ላይ የጡረታ ሽኝት አዘጋጅተንልዎታል። ስምንት ሰዓት ላይ ይገኙልን» አለኝ።

«በስምንት ሰዓት? በዚህ በሚያዝያ ፀሐይ?» አልሁት።

«ጨዋታው ከዚያ ቀጥሎ ስለሆነ ነው ጋሼ።» ከዚያ ምስጢር እንደሚያካፍል ሰው ድምፁን ቀነስ አደረገና፣ «ስጦታም አለ። ጥሩ ጋቢ ተገዝቷል፤ ሕዝቡ እያየ በክብር እናለብስዎታለን» አለ።

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ባለቤቴ የሺ ሽንኩርት እየከተፈች ትሰማኝ ነበርና «ምን ሆንህ ደግሞ?» አለች።

«ጋቢ ሊያለብሱኝ ነው።»

«ታዲያ ምን ያስቆጣል? ወግ እኮ ነው!»

«ወጉን ለራሳቸው ያድርጉት!» አልኋት። የሺ ነገሩን ታውቃለች። ትንሽ ቆይታ ገባት መሰለኝ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

እኔ ወጌሻ ነበርሁ። ኳስ ሜዳ ላይ ተጫዋች ወድቆ ሲንፈራገጥ ቦርሳ አንጠልጥሎ የሚሮጥ ሰውዬ አለ አይደል? ቲፎዞው «ፍጠን እንጂ አንተ ሽማግሌ!» እያለ የሚሰድበው? እሱ ነኝ። አሁን ያሉት ወጣቶች ፊዚዮቴራፒስት ይባላሉ፤ ሥራቸው ደረታቸው ላይ በእንግሊዝኛ ይጻፍላቸዋል። ይገባቸዋል፣ ተምረዋል። እኛ ግን በሌላ መንገድ ነው የመጣነው።

ሥራ የጀመርሁት ባሕር ዳር ባለ አንድ ፋብሪካ፣ ክር ከሚፈተልበት አዳራሽ ነው። ያኔ ሙቀት ማለት እዚያ ውስጥ ያለው ነበር። ማሽኑ ይግላል፣ የጥጡ ብናኝ አፍንጫ ይደፍናል። ፈረቃችን አልቆ ስንወጣ ከጣና የሚመጣው ነፋስ ፊታችንን ሲመታን «ተመስገን!» እንል ነበር። ማረፊያችን ውጭው ነበር። ደመወዙን አታንሡብኝ፤ እንኳን ለትዝታ ለወር አስቤዛም አይበቃም ነበር።

ፋብሪካው የእግር ኳስ ቡድን ነበረው። የቡድኑ ወጌሻ አያ አበጀ ይባሉ ነበር። ዘጌ ተወልደው ያደጉ፣ አጥንት መጠገኑን ከአባታቸው የወረሱ ሰው ናቸው። ወጌሻ የሚባል የሥራ መደብ የለም ስለተባለ በፋብሪካው መዝገብ ላይ ጥበቃ ነበሩ። እስከ ጡረታቸው ድረስ ጥበቃ ሆነው፣ አንድም ቀን በር ሳይጠብቁ ወጡ።

እኔን የመረጡኝ እንዲህ ነው። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ቆሜ ሳይ በረኛው ትከሻው ወለቀ። አያ አበጀ «አንተ ረጅሙ፣ ና ወገቡን ያዝልኝ» አሉኝ። ያዝሁ። እሳቸው መጀመሪያ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከትተው አሞቁ፤ በቀዘቀዘ እጅ ሰው አይነኩም ነበር። ከዚያ የልጁን ክንድ ቀስ ብለው እያነሡ ወሬ ጀመሩ። ስለ አሣ፣ ስለ ሰው ሠርግ አወሩት። በመሃል «ለመሆኑ የእናትህ ስም ማነው?» አሉት። ልጁ ስሟን ሊናገር አፉን ሲከፍት ሳብ አደረጉትና ትከሻው ቀጭ ብሎ ገባ። የጮኸው ከገባ በኋላ ነው።

«አንተ ዓይንህን አልጨፈንህም። ነገ ና» አሉኝ ቀና ብለው።

በዚያው ሄድሁ። ፋብሪካውም በሥራ ሰዓቴ ላይ ትንሽ አንገራግሮ ለክለቡ ለቀቀኝ።

የአያ አበጀን ልማድ ሁሉ ይኸው እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። የእናት ስም የሚጠይቁት ለትከሻ ብቻ አልነበረም። ተጫዋች ከተጫዋች በራስ ሲጋጭም ሮጠው ይደርሱና «የእናትህ ስም?» ይላሉ። ወዲያው ከመለሰ «ተነሥ፣ ተጫወት»፤ ከዘገየ «ውጣ»። ትኩሳት የሚያዩት ግንባር ላይ አይደለም፣ የእጃቸውን ጀርባ ማጅራት ላይ አሳርፈው ነው። ግንባር ይዋሻል ይሉ ነበር። የተጫዋቹ ማልያ ላይ ላቡ ደርቆ የሚተወውን ነጭ የጨው መስመር አይተው ማን እንደደከመ፣ ማን እንደለገመ ይለያሉ። አሰልጣኞቹ ራሳቸው ጠጋ ብለው «አያ፣ ማንን ልቀይር?» ይሏቸው ነበር።

ሦስት የማይነኩ ሕጎችም ነበሯቸው። ላብ ላይ ውሃ አይጠጣም፤ ተጉመጥምጠህ ትተፋለህ። ከጨዋታ በኋላ የባስ መስኮት አይከፈትም፤ የከፈተ ሰው ካለ ከፊት ወንበር «መስኮት!» ይላሉ፣ ይዘጋል። ሦስተኛው ጋቢው ነው። በጨዋታው ብዙ የለፋውን ልጅ ፊሽካው እንደተነፋ ጠርተው በገዛ ጋቢያቸው ይጠቀልሉታል። ቅቤና ዳማከሴ የሚሸት፣ ከባድ ጋቢ ነው። ልጆቹ ግን ከዋንጫ አስበልጠው ያዩት ነበር። «ዛሬ አያ አበጀ ጋቢ አለበሱኝ» ብሎ ቤቱ የሚያወራ ጎረምሳ ስንት ነበር!

ይህ ሁሉ ከንቱ ነበር አልልም፤ እንዲያ የሚል ካለ ያኔ አልነበረም ማለት ነው። ያኔ ሜዳችን ሣር ነበር፣ ዙሪያውን ዋርካና ሾላ ነበር። ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ ይነሣል። እንፍራንዝ ሄደን ተጫውተን ባስ ሲጠፋ በክፍት የጭነት መኪና ስንመለስ በላብ የራሰው ልጅ ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ነበር። ጋቢው ያኔ እውነተኛ መድኃኒት ነው። የአያ አበጀ ሕግ ለዚያ አየር የተሠራ ነበር፤ አየሩ ሄደና ሕጉ ብቻውን ቀረ።

አየሩ እንዴት እንደሄደ ልንገራችሁ፤ በአንድ ቀን አልሄደም። መጀመሪያ ሙቀቱ መጋቢትን ሳይጠብቅ በየካቲት መምጣት ጀመረ። ሌሊቱ መቀዝቀዝ ተወ። ዝናቡ በጊዜው አልመጣ አለ። ዋርካዎቹን ለመንገድና ለፎቅ ብለው ቆረጧቸው። ከሐይቁ ዳር ያለው ሜዳችን ደግሞ «ዘመናዊ ይሁን» ተብሎ ሰው ሠራሽ ሣር ተነጠፈበት። የምረቃው ቀን ሁላችን አጨበጨብን፣ እኔም አጨብጭቤአለሁ። በሳምንቱ በእኩለ ቀን ልምምድ ላይ ልጆቹ ጫማቸውን እያወለቁ ውስጡ ውሃ ሲያፈሱ አየሁ። የጫማው ሶል ግሎ እግራቸውን እያቃጠለው ነው። ቁርጠት ድሮ በጨዋታ መጨረሻ ይመጣ ነበር፤ አሁን ከዕረፍት በፊት ባታቸው እንደ ድንጋይ እየደረቀ መውደቅ ጀመሩ። ቲፎዞው «ልጆቹ ሰነፉ፣ ድሮ ቀረ» ይላል። ድሮ እንዲህ ያለ ፀሐይ የት ነበረና!

አያ አበጀ ጡረታ ከወጡ በኋላ እኔ ዋናው ወጌሻ ሆንሁ። አዲስ አበባ ለአጭር ሥልጠና ላኩኝ። እዚያ ያስተማረችን ልጅ እግር ሐኪም ናት፤ ቆፍጣና፣ ቀልድ የማታውቅ። «ተጫዋች በሙቀት ራሱን ከሳተ ወይም ከዘባረቀ መጀመሪያ አቀዝቅዙት፣ ሆስፒታል ከዚያ በኋላ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ገንዳ ከሌለ ሳፋ፣ ሳፋ ከሌለ ወንዝ» አለችን። እኔ እጄን አውጥቼ «ላብ ላይ?» ብዬ ጠየቅሁ። «ላብ ላይ!» አለችኝ ዓይኔን እያየች።

ስመለስ ለአያ አበጀ ነገርኋቸው። ጡረታ ወጥተውም ከሜዳና ከባሱ አይቀሩም ነበር፤ ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጥፈው ከቅያሪዎቹ ጎን ይቀመጣሉ። ሰምተው ሳቁ። «አንተ ይሁኔ፣ እሳት ላይ የዋለ ሸክላ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ብታፈስበት ምን ይሆናል?»

«ይሰነጠቃል» አልሁ።

«በል እንግዲህ» አሉኝ። አብሬ ሳቅሁና ነገሩን ተውሁት።

ኑሩ የመጣው በዚያ ዘመን ነው። የወረታ ልጅ ነው፤ አባቱ ጨርቅ ይነግዳሉ። ቀኝ ክንፍ ነበር፣ እግሩ ፈጣን፣ ምላሱ ደግሞ ከእግሩ የፈጠነ። ባስ ውስጥ ከገባን አንድ ደቂቃ ዝም አይልም። የሬዲዮ ኳስ አስተላላፊዎችን ድምፅ ይዞ ያየውን ሁሉ ያስተላልፋል። «አሁን ጋሽ ይሁኔ ብርቱካኑን ይዘዋል፣ ይልጣሉ፣ አሁንም ይልጣሉ፣ አያ አበጀ ከጎን እያዩ ነው፣ ጋሽ ይሁኔ ጎረሱ... ጎ... ል!» ባሱ በሳቅ ይፈርሳል። አያ አበጀ ሳይቀሩ እንባቸውን ይጠርጉ ነበር። ኳስ ሲያቆም የሬዲዮ አስተላላፊ መሆን ነው የሚፈልገው። እንደሚሆን ማናችንም አልተጠራጠርንም፤ ባሕር ዳር አፍ አለው የሚባል ሰው ቢፈለግ ኑሩ ነበር።

ያ ቀን ከፋሲካ በኋላ ነው። ጨዋታው ለአሥር ሰዓት ነበር የተያዘው። በዋዜማው ማታ፣ ወደ ቀን ስምንት ሰዓት ተዛውሯል ተባለ። ለምን? የክብር እንግዳው የሚሳፈሩት አውሮፕላን አላቸው። ወይ ነዶ! ለአንድ ሰው አውሮፕላን ተብሎ ሃያ ሁለት ልጅ እሳት ውስጥ ገባ። የክብር እንግዳው ድንኳን ሥር፣ ፊታቸው የታሸገ ውሃ ተደርድሮ፣ በፕሮግራሙ ወረቀት ፊታቸውን እያራገቡ ተቀምጠዋል። ከሐይቁ ነፋስ የሚባል አልነበረም። ከሜዳው አጥር ጀርባ ጣና ዝም ብሎ ያብረቀርቃል።

ኑሩ በመጀመሪያው አጋማሽ እንደ ወትሮው ሮጠ። ከዕረፍት በኋላ ግን አንድ ነገር ተለወጠብኝ። ኳሱ በግራ ሲሄድ እሱ በቀኝ መስመር ብቻውን እየሮጠ ወደ ማንም ያልሆነ ቦታ እጁን ያወዛውዛል። ቲፎዞው ይስቃል፤ ኑሩ ቀልደኛ ነዋ። በአጠገቤ ሲያልፍ አፉ ይንቀሳቀሳል። ጠጋ ብዬ ሰማሁት። «አሁን... ኳሱን... አሁን... አሁን...» ይላል። ጨዋታ እያስተላለፈ ነው፤ ቃሉ ግን የለም።

«ኑሩ! የእናትህ ስም ማነው?» ብዬ ጮኽሁ።

ቆመና አየኝ። ፈገግ አለ። «አላውቃትም» አለኝ።

ወደ አሰልጣኙ ሮጬ «አውጣው! ልጁ ራሱን አያውቅም!» አልሁ።

«ቅያሪ ጨርሻለሁ! ትንሽ ነው የቀረው፣ ይታገሥ» አለኝ፣ ዓይኑን ከኳሱ ሳይነቅል።

ንግግሩን ሳይጨርስ ኑሩ ወደቀ። ማንም አልነካውም። ሮጬ ደርሼ ስንበረከክ የሜዳው ግለት በሱሪዬ አልፎ ጉልበቴን ፈጀኝ። የእጄን ጀርባ ማጅራቱ ላይ አሳረፍሁ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንዲያ ያለ ትኩሳት ነክቼ አላውቅም። ዓይኑ ይገለባበጣል። የዚያች ሐኪም ድምፅ ጆሮዬ ላይ ጮኸ።

«ሐይቁ! አንሡት፣ ሐይቁ ውስጥ እንክተተው!» አልሁ።

በአንድ አፍ ነው የጮኹብኝ። «አብደሃል? ላብ ላይ ውሃ? ልትገድለው ነው?» አምበሉ ገፈተረኝ። አሰልጣኙ «ያዙት ይሄን ሰው!» አለ። በዚህ መሃል አያ አበጀ ከሰው መሃል ወጡ፤ ጋቢያቸውን ይዘዋል። ጎንበስ ብለው አዩት።

«ምች ነው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ሳይቆጡ፣ «ይሁኔ፣ ቦታውን ልቀቅ» አሉኝ።

ለቀቅሁ። ምን ላድርግ? እጄን ይዘው ያስተማሩኝን ሰው፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እያየ፣ «ተሳስተዋል» ልበላቸው? አባቱን በአደባባይ በጥፊ ለመምታት የደፈረ ሰው ካለ እሱ ይፍረድብኝ። አያ አበጀ ዳማከሴውን በእጃቸው ጨምቀው በአፍንጫው ጨመሩለት፣ ግንባሩን አሹት፣ ከዚያ ከአንገቱ እስከ እግሩ በጋቢው ጠቀለሉት። እጃቸው እንደ ወትሮው ለስላሳ ነበር፤ እንደ ልጃቸው ነው የጠቀለሉት።

በባሱ ወደ ሆስፒታል ወሰድነው። እግሩን እኔ ጭኔ ላይ አድርጌአለሁ። አንዱ ቅያሪ ተጫዋች አየር ብሎ መስኮት ሲከፍት «መስኮት!» አሉ አያ አበጀ። ተዘጋ። ባሱ ውስጥ መተንፈስ አይቻልም፤ የእኛው ላብ በአገጫችን ይንጠባጠባል። መንገዱ የሐይቁን ዳር ይዞ ነው የሚሄደው። በተዘጋው መስታወት ውሃው ይታየኛል፤ ልጆች እየተንቦራጨቁ ይዋኛሉ።

ኑሩ መሃል ላይ ነቃ መሰለ። «ሞቀኝ» አለ፣ ጥርት አድርጎ። «አውልቁልኝ።»

«አይዞህ ልጄ፣ ላቡ ይውጣልህ» አሉት አያ አበጀና ጋቢውን አንገቱ ሥር ወተፍ አደረጉለት።

«ሞቀኝ። አውልቁልኝ።» ደግሞም አለ። በስተኋላ ድምፁ እያነሰ ሄዶ አፉ ብቻ ሲንቀሳቀስ አየሁ። እግሩ እንዳይራገጥ የጋቢውን ጫፍ የያዝሁት እኔ ነኝ። ባሱ ሙሉ ነበርን። ማንም አላወለቀለትም።

ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ ጋቢውን ገልጣ ስትነካው «ማነው የጠቀለለው?» ብላ ጮኸች። መልስ አልጠበቀችም፤ ውሃ፣ በረዶ፣ መርፌ ትል ጀመር። አያ አበጀ ጋቢያቸውን ከወለሉ አንሥተው አጥፈው ያዙና ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ።

ወደ ማታ እናቱ ዘሃራ ከወረታ ደረሱ። ይረግሙናል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልረገሙንም። የሆነውን ሁሉ በእርጋታ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። ሐይቁንም ነገርኋቸው። በመስኮቱ ወደ ጣና አቅጣጫ አዩና «ይሄ ሁሉ ውሃ ባለበት አገር?» ብቻ አሉ። እርግማን ይሻለኝ ነበር።

ኑሩ አልሞተም። ሰው ሁሉ «ተመስገን ተርፏል» ይላል። ተርፏል። እግሩ ግን እንደ ሰከረ ሰው ነው የሚረግጠው፤ ቀጥ ብሎ መሄድ አይችልም። ምላሱ ደግሞ፣ ያ ምላስ፣ አንዲት ቃል ለማውጣት አፉ ውስጥ ይንገላታል። ሐኪሞቹ ትኩሳቱ ቶሎ ቢወርድለት ኖሮ እንዲህ አይሆንም ነበር አሉ። የክለቡ ኃላፊ በማግስቱ በሬዲዮ ቀርቦ «ተጫዋቹ አስቀድሞ ሕመም ነበረበት» አለ። ደሜ ፈላ። ስለ ፀሐዩ፣ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ አውሮፕላኑ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

አያ አበጀ ከዚያ ወዲያ ሜዳ አልረገጡም። ልጠይቃቸው ቤታቸው ሄድሁ። በረንዳቸው ላይ ተቀመጥን። ከዚያ «ይሁኔ፣ ውሃው ያድነው ነበር?» አሉኝ።

«አዎ አያ» አልኋቸው።

ብዙ ሰው «ምነው ዋሽተህ ባጽናናሃቸው?» ይለኛል። አልዋሽም! ያን ቀን ስለ አክብሮት ብዬ አፌን ዘግቼ የሆነውን አይቻለሁ። አያ አበጀ ራሳቸውን ነቀነቁና «ጎበዝ፤ ከእንግዲህ ማንም ቢልህ ቦታውን አትልቀቅ» አሉኝ። ጥቂት ወራት ቆይተው ዐረፉ። ጋቢያቸውን አብረው ገንዘው ቀበሯቸው።

እኔ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ገዛሁ። ከጨዋታ በፊት ከሐይቁ ዳር አሣ ነጋዴዎች ዘንድ ሄጄ በረዶ እለምናለሁ፤ ሳፋውን ሞልቼ በውሃ በርዤ ከመስመሩ ጎን አስቀምጣለሁ። ውሃው አሣ አሣ ይሸታል። ተጫዋቾቹ ሳቁብኝ። ቲፎዞው «ወጌሻው ቀረሶ አሣ ሊሸጥ ነው!» ብሎ ዘፈነብኝ። ይዝፈን! አንድ ጊዜ የተጋጣሚ ቡድን ልጅ እንደ ኑሩ ሲዘባርቅ አየሁትና ብድግ አድርጌ ከነማልያው ሳፋው ውስጥ ዘፈቅሁት። አባቱ አጥር ዘሎ ልብሴን አንቆ «ልጄን ገደልኸው!» እያለ ደበደበኝ። ቦታውን አልለቀቅሁም። ልጁ ከሳፋው ውስጥ ሆኖ የእናቱን ስም ጠራልኝ። በእግሩ ሄዶ ባስ ተሳፈረ፤ አባቱ እጄን ሊስም መጣ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቤቴ ገብቼ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። ይህን ያህል ቀላል ነበር ለካ!

ሰዓቱን ለማስቀየር ግን አልቻልሁም። ባልገባሁበት ቢሮ የለም። «ሚያዝያን እንኳ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት አድርጉት» ስል «ፓውዛ የለንም፣ ይመሽብናል» ይሉኛል። በጠዋት አድርጉት ስል «ተመልካች አይመጣም»። አንድ ጊዜ ስለ አየር ንብረት ለውጥና ስፖርት ዐውደ ጥናት ተብሎ ሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል ተጠራን። አዳራሹ ቀዝቃዛ ነው፤ ሰብሳቢው ኮት ለብሷል። ሥዕል እያሳዩ ምድር እየሞቀች ነው አሉን። አላወቅንም መስሏቸው! እጄን አውጥቼ ስለ ጨዋታው ሰዓት ተናገርሁ። «ጥሩ አስተያየት ነው፣ ይያዝልን» አለ ሰብሳቢው። ከምሳ በኋላ የዐውደ ጥናቱ ማድመቂያ ተብሎ የታዳጊዎች ጨዋታ ነበር። በስንት ሰዓት መሰላችሁ? በስምንት ሰዓት። ሳፋዬን ተሸክሜ ሄድሁ።

በዚህ ዓመት ጉልበቴ አልታዘዝ ሲለኝ ጡረታ ወጣሁ። እንግዲህ ያ ስልክ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው።

ስልኩን በዘጋሁ በማግስቱ በሬ ተንኳኳ። ኑሩ ነው። ክለቡ የኳስና የማልያ ጠባቂ አድርጎ ቀጥሮታል፤ ለእሱ ያደረጉት ደግ ነገር ይህ ብቻ ነው። ደጁን ተደግፎ ቆመና አፉን አስተካከለ። ሳልቸኩል ጠበቅሁት።

«እ... ኔ... ነኝ... የማ... ለብስዎ» አለኝ። ፊቱ በራ። እሱ ነው ጋቢውን እንዲያለብሰኝ የመረጡት። ያን ቀን ምን እንደሆነ ከዕረፍት ወዲያ ያለውን አንዱንም አያስታውስም፤ ጋቢውንም፣ ባሱንም። ዘሃራ ናቸው እንዲህ ያሉኝ። እንግዲህ ምን ልበለው? «እመጣለሁ ልጄ» አልሁት።

እሑድ ሄድሁ። የሺ ነጭ ልብሴን አለበሰችኝ። ሜዳው ላይ ሙቀቱ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። የክለቡ ኃላፊ ማይክሮፎን ጨብጦ ስለ እኔ የማላውቀውን ሁሉ ይናገራል፤ አልጨርስ አለ። ከዚያ «የክብር ጋቢ!» አለና ሕዝቡ አጨበጨበ። ኑሩ ከመስመሩ ዳር ጋቢውን በሁለት እጁ አቅፎ ተነሣ። ወዲያና ወዲህ እየተንገዳገደ ያን ሜዳ ያቋርጣል፤ ድሮ ጠራርጎት የሚያልፈውን ሜዳ። ሊያግዘው የሄደውን ሰው በክርኑ ገፋው። ደረሰና ጋቢውን ዘርግቶ ትከሻዬ ላይ ጣለው። ከባድ ነው፣ አዲስ ነው። ካሜራው መጣ። ኃላፊው ደግሞ ሁለተኛ ንግግር ጀመረ።

ላቤ ከግንባሬ ወርዶ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ዓይኔ ጭልም ሲልብኝ ለወግ ብዬ ቀጥ ብዬ ቆምሁ። ኑሩ አልሄደም፤ ፊት ለፊቴ ቆሞ ያየኛል። ከዚያ የእጁን ጀርባ ማጅራቴ ላይ አሳረፈ። ማን እንዳስተማረው አላውቅም፤ ከእኛው አይቶ ይሆናል።

«ጋ... ሼ» አለኝ። «ሞ... ቀዎ?»

ላቤን ከዓይኔ ጠረግሁ።

«ላ... ውልቅልዎ?»

«አውልቅልኝ» አልሁት። ንግግሩ ሳያልቅ፣ ካሜራው እየቀረጸ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እያየ፣ ጋቢውን ከትከሻዬ ገፎ መሬት ላይ ጣለው። እሱ በጠየቀኝ ጊዜ እኔ ያላደረግሁለትን።